የናፍጣ ቦይለር ደሴ ላይ ሲያስቸግር፦ ከቀዩ ቁልፍ እስከ ኖዝሉ

ቀዩ መብራት በርቶ፣ በርነሩ፣ ማለትም ናፍጣውን ረጭቶ የሚያነደው ክፍል፣ ጸጥ ብሎ ስታገኙት እጅ ወዲያው ወደ ማስነሻው ቁልፍ ይሮጣል። አንድ ጊዜ ተጫኑት። ካልነሳ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቃችሁ ለሁለተኛ ጊዜ ተጫኑት። ሦስተኛ የለም። እሳቱ ባይያዝም በእያንዳንዱ ሙከራ ፓምፑ 10 ሴኮንድ ያህል ናፍጣ ወደ ምድጃው ይረጫል፤ በትንሽ በርነር ይህ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። አሥር ጊዜ ተጫኑት ማለት አንድ የሻይ ብርጭቆ ናፍጣ ምድጃው ወለል ላይ አፈሰሳችሁ ማለት ነው። በአሥራ አንደኛው ብልጭታው ሲይዝ ያ ሁሉ ባንዴ ይቀጣጠላል። የቦይለር በር ገንጥሎ የሚጥለው፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከግድግዳ የሚነቅለው ይኸው ነው።

ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ ተጭኖት ከሆነ ብሬከሩን አውርዱ፣ የናፍጣውን መዝጊያ ዝጉ፣ ምድጃው እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ። ትኩስ ጡብ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ይተናል፤ በዚያ ሰዓት በር መክፈት አደገኛ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ክፈቱት፣ ወለሉን በባትሪ እዩ፣ የተጠራቀመውን በጨርቅ ምጠጡና ክፍሉን አናፍሱ። ጥገናው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ የምንናገረው በፔንሲዮን፣ በሻወር ቤት ወይም በአሮጌ ግቢ ጓሮ ስላለው፣ ውሃ ብቻ ስለሚያሞቀው፣ ከ50 ኪሎ ዋት ስለማይበልጠው ቦይለር ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ያለው የእንፋሎት ቦይለር የራሱ ኦፕሬተርና የራሱ ሕግ አለው፤ በዚህ ጽሑፍ ተመርቶ ማንም እንዳይነካው።

መጀመሪያ ከፍታው

ብዙ ሰው በርነር ሲያጨስ ዕቃ ይቀይራል። ደሴ ላይ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አየሩ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላታል። የበርነሩ ፋን ደግሞ የሚያውቀው መጠን እንጂ ክብደት አይደለም፦ አንድ ዙር ሲዞር ያንኑ መጠን ይገፋል፣ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ትንሽ ነው።

በቁጥር ለማየት፣ አንድ ሊትር ናፍጣ በደንብ እንዲነድ ባሕር ዳርቻ ላይ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃዋል፤ ደሴ ላይ 13 ተኩል ይፈልጋል። በዚህ ላይ ማንኛውም በርነር ከ20 እስከ 25 በመቶ ትርፍ አየር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ንጹሕ ሲነድ የነበረ ቦይለር ተገዝቶ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ሲወጣ፣ ማንም ሳይነካው ማጨስ ይጀምራል። ያ በርነር አልተበላሸም፤ ለአዲሱ ቦታ አልተስተካከለም እንጂ። ከውጭ የመጣና ከካርቶኑ ወጥቶ በቀጥታ የተገጠመ በርነር ደግሞ ይብስበታል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በርነሩ ጎን ላይ ቁጥር ያለበት የአየር መክፈቻ አለ፤ ብሎኑን አላሉና ትንሽ በትንሽ ክፈቱት፣ በእያንዳንዱ ለውጥ መሐል ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ጭሱ ካልጠራ ኖዝሉን፣ ማለትም ናፍጣውን የሚረጨውን የናስ ቁራጭ፣ በአነስተኛ ቁጥር ቀይሩ። ለባሕር ዳርቻ 1.00 ተብሎ የተመረጠ ኖዝል ደሴ ላይ 0.75፣ ኮምቦልቻ ላይ 0.80 ወይም 0.85 ይሆናል። ቦይለሩ በዚያው መጠን ኃይሉ ይቀንሳል፤ ውሃው ለመሞቅ ትንሽ ይዘገያል። ይህን መቀበል ነው እንጂ ትልቁን ኖዝል ትቶ በጥቀርሻ መኖር ትርፍ የለውም፤ ያልነደደው ናፍጣ በጭስ ማውጫው በኩል የሚወጣ ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር አታድርጉ፦ ናፍጣውን ለመቀነስ ብላችሁ የፓምፑን ግፊት አታውርዱ። ግፊቱ ከ7 ባር ሲወርድ ጠብታው ይወፍራል፣ ወፍራም ጠብታ ደግሞ ሳይነድ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

በርነሩ ሲነሳ ምን ይሆናል

ይህን ቅደም ተከተል በቃላችሁ ያዙት፤ ጥፋቱ ያለው የቆመበት ቦታ ላይ ነውና። ቴርሞስታቱ ውሃው ቀዝቅዟል ሲል ኮንትሮል ቦክሱ፣ በርነሩን የሚመራው ሣጥን፣ ሞተሩን ያስነሳል። አንዱ ሞተር ፋኑንም ፓምፑንም ያዞራል። ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ አየር ብቻ እየነፋ ምድጃውን ያጸዳል፤ ብልጭታ የሚሰጡት ሁለት ብረቶች፣ ኤሌክትሮዶቹም፣ ይበልጫሉ። ከዚያ ሶሌኖይድ ቫልቩ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈተው የናፍጣ መዝጊያ፣ ጠቅ ብሎ ይከፈትና ናፍጣው በኖዝሉ ይረጫል፣ እሳት ይይዛል። ፎቶሴሉ፣ ማለትም የበርነሩ ዓይን፣ ብርሃኑን ካየ ሥራው ይቀጥላል። በ10 ሴኮንድ ውስጥ ካላየ ኮንትሮል ቦክሱ ሁሉን ዘግቶ ቀዩን መብራት ያበራል።

አጠገቡ ቆማችሁ በጆሮ አዳምጡት። ሞተሩ ጭራሽ አልተነሳም? ሞተሩ ይዞራል ግን ጠቅታው የለም? ጠቅ አለ ግን እሳት የለም? እሳቱ በራና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ጠፋ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች አራት የተለያዩ ቦታዎችን ያመለክታሉ። ቴስተር ከማውጣታችሁ በፊት ጆሮ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ 16 እና 19 ቁጥር መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ 4 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ እስከ 25 ባር የሚያነብ የናፍጣ ጌጅ፣ አንድ ሜትር ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቱቦ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅና ባዶ የውሃ ፕላስቲክ። ጌጁ ውድ ይመስላል፤ ግን ያለ እሱ የፓምፕ ግፊት የሚያውቅ ሰው የለም፣ የሚገምት ብቻ ነው።

ሞተሩ ካልተነሳ

በቅድሚያ ቀላሉን። ቴርሞስታቱ ዝቅ ተደርጎ ይሆናል፤ ከውሃው ሙቀት በላይ አድርጉት። ከመጠን ያለፈ ሙቀት የሚያጠፋው ሁለተኛ ቴርሞስታት በትንሽ ክዳን ሥር የሚጫን ቁልፍ አለው፤ ዘሎ ከሆነ ለምን እንደዘለለ ሳታውቁ አትመልሱት። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ውሃ ማጣት ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሞተሩ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ የፋኑን ጎማ በጣት አዙሩት። በቀላሉ ከዞረ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ደክሟል። ካልዞረ ፓምፑ ነክሷል፤ ፓምፑን ነቅላችሁ ሞተሩን ብቻ ሞክሩት። ካፓሲተሩን ሳትነኩ በፊት ሁለቱን ጫፎች በቴስተሩ ለኩ፤ የታመቀ ቮልት ካለበት እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ አገናኝታችሁ አራግፉት። አዲሱ በላዩ ከተጻፈው ማይክሮፋራድ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ ለትንሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ነው፤ ቮልቱ ከ400 አይነስ። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ወይም ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ሲወርድ ካፓሲተርና ኮንትሮል ቦክስ ቶሎ ይሞታሉ። ለቦይለሩ ብቻ የሚሆን ስታቢላይዘር መግጠም ከሁለተኛ ኮንትሮል ቦክስ ግዢ ይረክሳል።

ሞተሩ ይዞራል፣ እሳት የለም

ከአሮጌ ቦይለር ብልሽት አብዛኛው እዚህ ነው፣ ከዚህም አብዛኛው ናፍጣው ላይ ነው። ስለዚህ ከበርሜሉ እንጀምር።

በበርሜሉ ውስጥ ናፍጣ መኖሩን በጌጅ ሳይሆን በንጹሕ ዘንግ ለኩ። ቀጥሎ ከበርሜሉ ሥር ካለው ማራገፊያ ግማሽ ሊትር ወደ ጠርሙስ ቅዱና ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ይለያል፤ በጠርሙሱ ግርጌ ጥርት ያለ መስመር ታያላችሁ። በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ወቅት ክዳኑ የማይገጥም በርሜል ውሃ ይጠጣል፣ በጋ ላይ ደግሞ ሌሊትና ቀን ሙቀቱ ስለሚራራቅ የግማሽ በርሜል ግድግዳ ከውስጥ ያልበዋል። ውሃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፣ ዝገት ይሠራል፣ ዝገቱ ፊልትሮ ይደፍናል። መውጫ ቱቦው ከበርሜሉ ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምር፣ ከታች ያለውን በየሦስት ወሩ አራግፉ። ናፍጣ በጀሪካን የምትገዙ ከሆነ ቤንዚን የነበረበትን ጀሪካን ለዚህ አትጠቀሙበት፤ በቀረ ጥቂት ቤንዚን እንኳ ምድጃው ሊፈነዳ ይችላል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም ይነዳል፣ ግን ቀጭን ስለሆነ ፓምፑን አያለሰልሰውም፤ ማርሹን ይበላዋል።

ከዚያ ፊልትሮው። ክፈቱት፣ ንጹሕ ናፍጣ ውስጥ እጠቡት፣ ጋስኬቱን ቀይሩ። ፓምፑ ክዳን ሥር ሌላ ትንሽ ወንፊት አለ፣ ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም፤ እሱንም አውጥታችሁ እጠቡ።

አሁን አየር ማስወጣት። በፓምፑ ላይ ካሉት ብሎኖች አንዱ የአየር ማስወጫው ነው። ቱቦውን ሰክታችሁ ሌላኛውን ጫፍ ፕላስቲኩ ውስጥ አስገቡ፣ ብሎኑን ግማሽ ዙር ፍቱና በርነሩን አስነሱ። መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ ተደባልቆ፣ በመጨረሻ ቀጥ ያለ ቀይ ወይም ብጫ መስመር ይመጣል። መስመሩ 15 ሴኮንድ ያለ አረፋ ከፈሰሰ በኋላ ዝጉት። ቀይ መብራት ቢበራም በዚህ ጊዜ አትደንግጡ፤ ናፍጣው የሚሄደው ወደ ምድጃው ሳይሆን ወደ ፕላስቲኩ ስለሆነ ቁልፉን ደግሞ መጫን ይቻላል። ብሎኑ ተከፍቶ እያለ ብቻ ነው ታዲያ።

አረፋው የማያቋርጥ ከሆነ ቱቦው አየር እየሳበ ነው። እዚህ ላይ ደሴ የራሷ ጣጣ አላት። ፓምፕ ናፍጣን አይጎትትም፤ ቱቦው ውስጥ ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፣ የውጭው አየር ነው ገፍቶ የሚያመጣው። የውጭው አየር ደግሞ ሩብ ያህል ደክሟል። ስለዚህ ከቦይለሩ በታች የተቀበረ በርሜል ኮምቦልቻ ላይ ሳያስቸግር፣ ደሴ ላይ ፓምፑን ያስጮኸዋል። በርሜሉ ከፓምፑ በታች ከ2 ሜትር አይበልጥ፤ ቢቻል እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ከፍ ካለ ግን ቱቦው ቢቆረጥ ናፍጣው በሙሉ ወለል ላይ ስለሚፈስ ከበርሜሉ ሥር የእጅ መዝጊያ፣ ቦይለሩ አጠገብም እሳት ሲነሳ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ይኑር።

የናፍጣ ቱቦ ዳዶ ላይ ቴፍሎን አትጠምጥሙ። የቴፍሎን ብጣሽ ተቆርጦ ኖዝል ሲደፍን ማንም አይጠረጥረውም። ዳዶው የሚያንጠባጥብ ከሆነ የመዳብ ቱቦው አፍ ተሰንጥቋልና ቆርጣችሁ አዲስ አፍ ሥሩለት።

ናፍጣው ደርሶ ግፊት ከሌለ ጌጁን ፓምፑ ላይ ስኩ። ከ10 እስከ 12 ባር ለአብዛኛው ትንሽ በርነር ትክክል ነው፤ በርነሩ ላይ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ የተጻፈውን ተከተሉ። ሞተሩ እየዞረ ጌጁ ዜሮ ላይ ከቆመ ሞተሩንና ፓምፑን የሚያያይዘውን ትንሽ የፕላስቲክ ካፕሊንግ አውጡና እዩት፤ ጫፎቹ ተልጠው ክብ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በአነስተኛ ገንዘብ የሚቀየር ዕቃ ነው፣ እሱን ሳያዩ ሙሉ ፓምፕ የገዙ ግን ብዙ ናቸው።

ኖዝል

ይህቺ የጣት ጫፍ የምታክል የናስ ቁራጭ የበርነሩ ልብ ናት። ብርሃን ላይ ይዛችሁ ስታዩአት አፏ ላይ ያለው ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው። ከጀርባዋ የተሰነጠቁ ትናንሽ ቦዮች ናፍጣውን እያሽከረከሩ ያስገቡታል፤ ስለዚህ የሚወጣው ናፍጣ እንደ ቧንቧ ውሃ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ነው። ጃንጥላው በአንድ በኩል ከተቀደደ እሳቱ በዚያ በኩል ያጨሳል።

ለዚህ ነው ኖዝል በመርፌ አይጸዳም የምንለው። መርፌው ቆሻሻውን ያወጣል፣ ቀዳዳውንም ይቧጭራል፤ አንድ ጭረት ጃንጥላውን ያጣምመዋል። ቤንዚን ውስጥ መንከርም አያድነውም። በዓመት አንዴ፣ ወይም ቦይለሩ በየቀኑ ከ5 ሰዓት በላይ የሚሠራ ከሆነ በየ6 ወሩ ቀይሩት።

በጎኑ ሦስት ነገር ተጽፎበታል፦ መጠኑ፣ የጃንጥላው ስፋት፣ የጃንጥላው ዓይነት። 0.75 ማለት በ7 ባር በሰዓት 0.75 የአሜሪካ ጋሎን ማለት ነው፣ 2.84 ሊትር። በ10 ባር ግን 3.4 ሊትር ያህል ይረጫል፣ ግፊት ሲጨምር ናፍጣውም ይጨምራልና። 60 እና 80 ዲግሪ የሚባለው ስፋቱ ነው፤ ረጅምና ጠባብ ምድጃ 60፣ አጭርና ሰፊ 80 ይወዳል። ዓይነቱ ኤስ፣ ኤች ወይም ቢ በሚሉ ፊደላት ይጻፋል። መርካቶ ላይ ሰው ስትልኩ አሮጌውን ኖዝል አስይዙት። በስልክ የተነገረ ቁጥር ተሳስቶ 400 ኪሎ ሜትር መልሶ መላክ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

ስትቀይሩ ኖዝሉን በ16 መፍቻ፣ መያዣውን በ19 ያዙ፤ በአንድ መፍቻ ብቻ ከታገላችሁ ቱቦው ይጠመዘዛል። አሮጌው ሲወጣ መያዣውን ከታች ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ናፍጣ ሙሉበት፣ ከዚያ አዲሱን ሳትነኩት በካርቶኑ ይዛችሁ ግጠሙ። ባዶውን ከተገጠመ ውስጡ የቀረው አየር በርነሩ ከጠፋ በኋላ ናፍጣ ይገፋል፤ እሳት ጠፍቶ የሚያንጠባጥብ ኖዝል የሚያሸተው ከዚህ የተነሳ ነው።

ኖዝሉ ሲወጣ ኤሌክትሮዶቹንም አስተካክሉ። በትንሽ በርነር ላይ በጫፎቹ መሐል ያለው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ከኖዝሉ መሐል በላይ ከ5 እስከ 8፣ ከኖዝሉ ፊት ደግሞ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የበርነሩ መመሪያ ካለ እሱ ይቅደም። ጫፉ ናፍጣው ውስጥ ከገባ ከሰል ይሠራበታል፣ በጣም ከራቀ ብልጭታው አይደርስም። ነጩን ሸክላ በጥንቃቄ እዩት፦ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ብልጭታው በዚያ ይሸሻል፣ በተለይ እርጥብ በሆነ ጠዋት። ትራንስፎርመሩ ከ10,000 ቮልት በላይ ስለሚያወጣ ብልጭታ ለመፈተሽ በካቻቢቴ መጠጋት የለም። ገመዱን አጥፍቶ ነቅሎ ማየት በቂ ነው።

እሳቱ ይያዝና ይጠፋል

ዓይኑን አውጡት። ፎቶሴሉ ከበርነሩ ጀርባ ወይም ጎን በቀላሉ ይነቀላል። መስታወቱ ጥቀርሻ ለብሶ ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በእጅ መዳፍ ሸፍኑት፤ ቁጥሩ ከ100 ኪሎ ኦም በላይ መውጣት አለበት። ወደ መስኮት አዙሩት፤ ወደ ጥቂት ኪሎ ኦም ወይም ከዚያ በታች መውደቅ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል። ጥቀርሻው በሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ግን ጥፋቱ ዓይኑ ጋ አይደለም፤ እሳቱ ራሱ ያጨሳል፣ ወደ አየሩ ተመለሱ።

ዓይኑ ደህና ሆኖ እሳቱ እየተርገበገበ የሚጠፋ ከሆነ ናፍጣው ውስጥ አየር ወይም ውሃ አለ። እሳቱ ሲጠፋ ሹል ጩኸት ከፓምፑ ከተሰማ ፊልትሮው ተደፍኗል።

ነበልባሉን ማንበብ፣ ጥቀርሻውን ማውጣት

በማያ ቀዳዳው በኩል ነበልባሉን እዩ። ደማቅ ብጫ ወደ ብርቱካን ያደላ፣ ጫፎቹ ጥርት ያሉ፣ ግድግዳ የማይነካ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ጫፉ ላይ ጭስ ካለው አየር አጥቷል። አጭር፣ ነጭ፣ እያገሳ የሚነድ ከሆነ አየር በዝቶበታል፤ አያጨስም፣ ግን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይልካል። የጭስ ቱቦው ላይ የሚሰካ ቴርሞሜትር ካላችሁ ከ180 እስከ 250 ዲግሪ ለአሮጌ ቦይለር ደህና ነው። ከ300 ካለፈ ወይ ኖዝሉ ትልቅ ነው፣ ወይ ውስጡ ጥቀርሻ ለብሷል።

ጥቀርሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዴ ብርዱ ሳይገባ በመስከረም፣ አንዴ ክረምቱ ሳይጀምር በግንቦት። የግንቦቱን የሚዘሉት ይበዛሉ፣ ቦይለሩን የሚገድለው ግን እሱ ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰልፈር አለ፤ ጥቀርሻው ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ አሲድ ይሆንና ላሜራውን ይበላል። አፍንጫና አፍ ሸፍናችሁ፣ ቱቦዎቹ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ብረቶች አውጡ፣ እያንዳንዱን ቱቦ በሽቦ ብሩሽ ከፊት ወደ ኋላ ግፉ፣ ከታች የወረደውን በአካፋ ሰብስቡ። ብረቶቹን ሳትመልሱ መዝጋት ሙቀት ማባከን ነውና ቆጥራችሁ አስገቡ። የበሩ ማሸጊያ ገመድ የጠነከረና የተሰባበረ ከሆነ ቀይሩት።

የቦይለሩ ክፍል አየር ማስገቢያ እንዳይዘጋ። ለ35 ኪሎ ዋት ቦይለር ደሴ ላይ ከ16 በ16 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ የማይዘጋ ቀዳዳ ከታች ይኑር። ብርድ ገባ ብሎ በላስቲክ የደፈነው ሰው የሚያመጣው ጣጣ በከሰል ጭስ ከሚመጣው አንድ ነው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በደንብ ሳይነድ የቀረ እሳት ሁሉ ይሠራዋል። ቦይለር ባለበት ክፍል ዘበኛም እንግዳም አይተኛም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጡ፣ ቦይለሩን ከውጭ በብሬከሩ አጥፉ።

የውሃው በኩል

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ባዶ ሆኖ ቦይለሩ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። እንዲህ ከሆነ በርነሩን አጥፉና ቢያንስ ግማሽ ቀን ቀዝቅዞ እስኪጨርስ ጠብቁ። በጋለ ደረቅ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ብረቱን ይሰነጥቃል፣ እንፋሎቱም ሰው ያቃጥላል። ውሃ ሲያልቅ በርነሩን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ሮቶው ውስጥ ማስገባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ከሁሉ የምንመክረው እሱን ነው።

ደሴ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94። ቴርሞስታቱን በልማድ 90 ላይ ማድረግ ሮቶው ጋ የሚደርሰውን ውሃ ወደ ፍላት ማስጠጋት ነው። ከ65 እስከ 70 ይበቃል፤ ሁለተኛው ቴርሞስታት 85 ላይ ይሁን። በታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ጀርም እንዳያበቅል ከ60 አይውረድ። 60 ዲግሪ ውሃ የሕፃን ቆዳ በሴኮንዶች ስለሚልጥ ሻወሩ ላይ ማደባለቂያ ይኑር። ወደ ሮቶው የሚወጣው የእንፋሎት ማስወጫ ቱቦ ላይ መዝጊያ አይገጠምም፤ ተገጥሞ ካገኛችሁ ዛሬውኑ አውጡት። ዝግ ሥርዓት ከሆነ 3 ባር ላይ የሚከፈተውን የደኅንነት ቫልቭ በየወሩ እጀታውን አንስታችሁ ውሃ መልቀቁን አረጋግጡ።

ቦይለሩ እንደ ጀበና የሚንተከተክ ከሆነ ውስጡ ኖራ ይዟል። በርነሩን አጥፉ፣ ውሃውን አፍስሱ፣ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጣችሁ ሙሉት፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተዉት። ከዚያ አፍስሳችሁ ውሃው ጥርት እስኪል ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡ። በረኪና ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ግድግዳው በዝገት የሳሳ ቦይለር ግን አሲዱ ቀዳዳውን ይገልጠዋል፤ ድሮም የሚያንጠባጥብ ከሆነ አታስገቡበት።

ጥገናው እንደያዘ ማረጋገጫ

ናፍጣውን ለካ አድርጋችሁ እዩ። ፓምፑ ናፍጣ የሚስብበትን ቱቦ የመጠን ምልክት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገብታችሁ በርነሩን ልክ 6 ደቂቃ አንድዱ፤ የቀነሰውን በ10 አባዙት። 0.75 ኖዝል በ10 ባር በሰዓት 3.4 ሊትር አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ 500 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ስታሞቁ ከ3 እስከ 3 ተኩል ሊትር ናፍጣና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ይፈጃል። 5 ሊትር ከወሰደ ጥቀርሻ፣ ኖራ ወይም ትርፍ አየር ገና አለ።

ሞቆ ሳለ የተሳካ ሙከራ አያሳምናችሁ። ሌሊቱን አጥፍታችሁ አሳድሩትና ንጋት 12 ሰዓት ላይ አስነሱት። ቀዝቃዛ ናፍጣ ይወፍራል፣ ጠብታውም አብሮ፤ የደከመ ኤሌክትሮድ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ፣ በጥቂቱ አየር የሚስብ ዳዶ ሁሉ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ፣ ያለ ጭስና ያለ ድንፋታ ከያዘ የኖዝሉን ቁጥር፣ የፓምፑን ግፊት፣ የአየር መክፈቻውን ቦታና ቀኑን በማይለቅ ቀለም ቦይለሩ በር ላይ ጻፉት።